የኦርፌሊና ደብተር

ዝናብ በማይሰለች፣ በዚያ ደሴት ዳር፣
ቤቶች በግንድ እግር ቆመው ከባሕር፣
ቺሎዬ ይሏታል፣ የቺሌ ደቡብ አገር፤
አሥራ አንድ ልጆች የታጨቅንበት አንድ ክፍል ነበር።

መምህራችን ኦርፌሊና፣ ሹራቧ እስከ ጉልበት፣
ኪሷ ጠመኔና የብስኩት ፍርፋሪ ያለበት፣
"የስሜት ሕዋሳት አምስት ናቸው" ብላን አታውቅም፤
በጣት እያስቆጠረች አላስጠናችንም።

ሰኞ ዕለት ዓይናችን በሻሽ ይታሰራል፣
እጃችን በተራ ከረጢት ይገባል።
"ድንች ነው" አለ ኤሊሴዮ፣ "ሐምራዊው፣ እወቁ!"
እጅ ቀለም ያያል? ልጆች ሁሉ ሳቁ።
ሻሹ ተፈታለት፤ ሐምራዊውን ድንች አየው፤
"ጎባጣ ነዋ!" አለ፣ "አያቴ ነው የተከለው።"

ሌላ ቀን ጸጥ ብሎ መስማት ሆነ ሥራው፣
ዝናቡ በየደረሰበት ስንቱን እንዳወራው፤
በቆርቆሮው ቷ ቷ፣ በበርሜሉ ጠብ ጠብ፣
ውሃ በውሃ ላይ ሲወርድ፣ ድምፁ እንደ ማሰብ።

የባሕር ሣር አኘክን። "ጨው" ብለን ስንመልስ
"የትኛው ጨው?" አለች፣
"የባሕር ነው? ወይስ ከዓይን የሚፈስ?"

የአፍንጫ ቀን ግን ሌላ ነው አመሉ፤
እሷ ዝም ትላለች፣ ልጆች ይናገራሉ።
ብልቃጥ ታቀርብና "እስቲ ንገሩኝ" ትላለች፣
የምንላትን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች።
"ጥሩ ነው" ካልናት ግን እርሳሷን ታቆማለች፦
"ጥሩ ሽታ አይደለም፤ ምን ይመስላል?" ብላ ትጠይቃለች።
"የረጠበ ሱፍስ?"
                  "በግ ስታኮርፍ!"
"የተቀረጸ እርሳስ?"
                  "የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት።"
"ናፍጣስ?" ስትል እኔ፦ "አባቴ ነው፣ በር ሳይከፍት።"

ነሐሴ፣ ክረምቱ፣ ብርዱ የጠና ዕለት፣
ምድጃው ላይ ጣደች የቁርሳችንን ወተት።
ገነፈለ። አረረ። ጭሱ ሳይታይ ገና
ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ጉሮሮ አነቀና።
እሷ እምድጃው አጠገብ፣ ጠመኔዋን ይዛ
ፊደል ትስል ነበር፣ በዝግታ፣ በለዛ።

ሚላራይ ተነሥታ ቀሚሷን ሳበችው ባንዴ፤
"እትዬ፣ ወተቱ! አይሸትዎትም እንዴ?"

ድስቱን አወረደች። መስኮት ከፈተች። ቆየች።
"ሰባት ዓመት ሆነኝ" አለች። "ታምሜ ነበር" አለች።
"ከዳንኩ ወዲህ ለእኔ ሽታ የሚባል የለም፤
ባሕሩም፣ ሳሙናውም፣
የገዛ ልጄ ፀጉርም።"

ዝም አልን። ደብተሩን ገልጣ አሳየችን፣
ቀን በቀን የተጻፈ፣ የየራሳችን ቃላችን፤
"በግ ስታኮርፍ" ይላል፤ ከጎኑ "ሚላራይ"፤
"አባቴ፣ በር ሳይከፍት"፤ ስሜን አየሁት ከላይ።
"ማታ ማታ" አለችን፣ "ይኼን አነብና
ትንሽ ይሸተኛል፤ እንደ ሩቅ ዜና።"

ከዚያ ወዲያ አፍንጫችን ሥራ በዛበት፤
የውሻ ጆሮ፣ የጀልባ ቀለም፣ ዓሣ የተመዘነበት
ሚዛን፣ የጎረቤት ቁልፍ፣ ምኑ ቀረን?
እናቴ "ምን ነካህ?" አለች፣ ካልሲዬን ሳሸት አይታኝ፤
"ሥራ ላይ ነኝ" አልኳት፣ የእትዬ ደብተር ታውሶኝ።

ሚላራይ ግን ብቻዋን ወደብ ድረስ ሄደች፣
የኦርፌሊና ልጅ ዳቦ ከምትሸጥበት ደረሰች።
"ዝቅ በይልኝ" አለቻት። ኮረዳዋ ዝቅ አለች፤
ፀጉሯ ውስጥ ተደብቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

በማግስቱ መጥታ፣ መዳፏን ከልላ እንደ በር፣
በኦርፌሊና ጆሮ አንሾካሸከች አንድ ነገር።
ምን እንዳለቻት አልሰማንም። ዝናብ ነበር።

እርሳሷን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው፤
ከነገርናት ሁሉ፣
እሱን ብቻ ነው ያልጻፈችው።