ስድስተኛው ጉድጓድ

ከመስኮቱ ማዶ አገዳ ነው ምድሩ፣
ከመስኮቱ ወዲህ ጥርስ ነው ነገሩ።
በፒራሲካባ፣ በስኳር ከተማ፣
ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ታመሻለች ጁሬማ።

ሰባት ሰዎች መጡ፣ ጥርስ ሳይፍቁ ያደሩ፣
በየብልቃጡ ውስጥ ተፉ እያፈሩ።
ምራቁ ተጣራ፣ ጀርሙ ተለየ፣
በሃያ አራት ጉድጓድ አድሮ ውሎ ቆየ።
በያንዳንዱ ጉድጓድ፣ እንደ ጥርስ የጠነከረች፣
ምስር የምታህል ድንጋይ ተቀምጣ ነበረች።

ከዚያማ ስኳር ነው፤ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፣
ከዚያው ከማዶው ሜዳ፣ ከዚያው ካገዳው ቦታ።
ጀርም ሲጠግብ ይዋለዳል፤ ቤት ይሠራል ባንድ ሌሊት፣
የሚያሙለጨልጭ ድሪቶ አልብሶ ያችን ድንጋይት።

መድኃኒቱ ደግሞ ከዛፍ ቅርፊት የተቀዳ፣
ስሙ ቁጥር ብቻ፣ አርባ ሰባት፤ ሽታው ዝናብ የመታው ሜዳ።
ደቂቃ ይፈስበታል፣ ጧት አንዴ፣ አንዴ ማታ፣
ተጉመጥምጦ እንደሚተፋ ሰው፣ በሰው ፈንታ።
ጥርስ ባዳ ነው እንላለን እኛ፤
ይሄኛው አፍ እንኳ የሌለው ባዳ።

በአምስተኛው ቀን ቀለም አፈሰሰች፤
ቀይ። ቀይ። አሁንም ቀይ። ጥርሷን ነከሰች።
አርባ ሰባት ቁጥር እንደ ውኃ ሆኖ፣
ጀርሙ ተደላድሎ፣ ቤቱን ደርቦ ከድኖ።

ስድስተኛው ግን ነጭ!
እንደ ሕፃን ጥርስ፣ እንደ እሸት በቆሎ ፍሬ።
"ኢቬቴ! ኢቬቴ፣ ነይ! ተገኘልን ዛሬ!"

ኢቬቴ መጣች። አልሳቀችም። ደብተሩን ጠየቀች፣
ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች አነበበች፦
አምስተኛው፣ ምልክት። ሰባተኛው፣ ምልክት።
ስድስተኛው ባዶ። ጀርም አልገባበት።

ያን ማታ፣ ፒፔቱን እንደያዘች፣ ስልክ ጮኾ ነበር፤
አባቷ ነው፤ "ሾርባው የት አለ?" ሊል፣ ሌላም የለው ነገር።
ጠላት ያልመጣበትን በር
ዘበኛው ጠበቀው እንደ ማለት።
በቀይ እስክሪብቶ "ይሰረዝ" ብላ ጻፈችበት።

ቤት ገባች።
አናክሌቶ፣ አርባ ዓመት አገዳ የቆረጠ፣
ሲደክመው የመጠጠ፣ ሲርበው የመጠጠ፣
ጥርሱ አንድ ባንድ ረግፎ ያለቀ ሰው፣
በድዱ ፈገግ ብሎ፣ "አገኛችሁት?" አላት፣ እንደ ወትሮው።
"አገኘን ብዬ ነበር።"
"እና?"
"ነገ አርባ ስምንት አለ" አለችው።
ከራስጌው ያለውን ብርጭቆ አነሣችው፤
ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከውኃው አውጥታ፣
በብሩሽ ታሽ ጀመር፤ ጀርባውን፣ ጥጉን፣ መጋጠሚያውን፣
እየቆጠረች፣
ስድስተኛውን ሳትዘል።