የቀለበት ጣት

በቶምስክ፣ በእንጨቱ ቤት፣ ምድጃው ጥግ ሆና
ታስተምረን ነበር አግላያ ስቴፓኖቭና።
«መጣደፉን ተውና ትከሻህን አውርድ!
ቁልፉ አይፈለጥም እንደ ደረቅ ግንድ።»
ቀኝ እጇ ሲሮጥ ግን፣ የቀለበት ጣቷ
ዳሰስ አርጋ ታልፍ ነበር፣ ያ መስሎን ብልሃቷ።
እኛም በዓይን ሰረቅናት ያቺን ዝምታ፤
ሃያ ዓመት ጠበቅናት እንደ ጥበብ ስጦታ።

ከቀብሯ መልስ ነው እህቷ የነገረችኝ፦
«በጦርነቱ ጊዜ፣ ወንዙ ላይ ግንድ ስትጎትት
ውርጭ በልቷት ነው እኮ፤ በድን ነበረች ያቺ ጣት።»
ሳቅኩ። ከዚያ አልቻልኩም።

ፒያኖዋ ተሸጠ፤ ለማን እንደሁ እንጃ።
ትናንት ግን በፈተና፣ የእኔዋ ተማሪ፣
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጣቶቿ ሙሉ፣
ዜማው መሀል ስትደርስ አራተኛዋን ጣት
በስስ በረዶ ላይ እንደሚራመድ ሰው
ቀስ አርጋ አሳለፈቻት።

አላረምኳትም።