ሰባተኛዋ ሳንቃ

ደምበጫ፣ ገበያ ዳር፣ ከብየዳ ቤቴ፣
ቱንቢ ተንጠልጥሏል፣ ዘወትር ከፊቴ፤
ሲባጎ ላይ የታሰረች አንዲት የዛገች ብሎን።
ሽታሁን ነው የሠራት፣ ዕድሜው አሥራ አምስት ሲሆን።

ስሙን ያወጣችው እናቱ ናት፣ ጠጀ፣
ኩፍኝ የበኵር ልጇን በሳምንት ስለፈጀ፤
“የወንድምህ ሽታ ሁን” ብላ፣
ጡት እየሰጠችው፣ ዕንባዋን ከልክላ።

ከመንደሩ በታች ያለው ወንዝ፣ በክረምት፣
ደብተር ይወስዳል፣ ጫማ ይወስዳል፣ ያለ ምሕረት።
ሰው እየሳቀበት ለካው፣ በርምጃ፣ በገመድ፤
ሁለት ባሕር ዛፍ አጋደመ፣ በሬ እንደሚጠመድ፤
አሥራ አንድ ሳንቃ መታ፣ ከኔ በተበደረው ምስማር።
(ምስማሩን እስከ ዛሬ አልመለሰም። ይማር።)

ሲዘምት፣ ሰባተኛዋ ሳንቃ ላልታ ነበር።
“ፈቃድ ስወጣ እመታታለሁ” አለኝ፣ “አትንካት፣ ይቆየኝ ያ ነገር።”

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ “መሐንዲስ ክፍል ተመደብሁ” ይላል።
ጠጀ እልል አለች፤ ጋን ተከፈተ፤ መንደሩ ይጠጣል።
ፎቅ መስሎን ነበር። ግድብ መስሎን።
እኔም ብሆን፣ ሞኙ፣ “ብረት እልክለታለሁ” ብዬ ነበር፣ እሱ ካዘዘን።
ማን ያውቃል፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
አፈርን በቀጭን ሽቦ የሚጠይቅ፣ ስንዝር በስንዝር ቆንጥጦ፣
መሐንዲስም እንዳለ?

ጓዱ መጥቶ ነገረን፣ በምርኩዝ ተደግፎ፣
ግባ ብንለው እምቢ ብሎ፣ ከደጅ፣ ካጋሙ ጥላ አርፎ።
“ሌሊት ነው። ጨረቃ የለም። ነጭ ክር ይዘረጋል ከኋላው፤
‘ከክሩ አትውጡ፣ ዱካዬን ርገጡ’፤ ሌላ ቃል አልነበረው።
አርባ ሰባት ርምጃ ጠረገ።
አርባ ስምንተኛው ላይ . . .”
በምርኩዙ ጫፍ መሬቱን ጫረ፣ እንዲያው እንዲያ።
“መቶ ሰው አለፈ” አለ በኋላ፣ “እኔም አለፍሁ በዚያ።”

ጠጀ ያን ቀን አላለቀሰችም።
“ሸሚዙ አለ?” አለችው። “ያልታጠበ።”
ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤
ለካ መልስ ከሌለው ጥያቄም ሰው ይፈራል፤ እኔ ባየሁት፣ ላብ አጠመቀ።
ማታ ምድጃው ዳር ብቻዋን ስታወራ ሰማኋት፦
“ለወንድሙ እሱ ሆነ።
አሁን ለሱ ማን ሽታ ይሁን?”

ቱንቢዋ፣ በሩን ስዘጋ፣ ትንሽ ትወዛወዛለች፤
ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ መሬት ትጠቁማለች።
የትኛው መሬት እንደሆነ
አትነግረኝም።

ሳንቃዋም እንደላላች ናት። ስንቴ መዶሻ ይዤ ወረድሁ፤
ምስማር በከንፈሬ ነክሼ፣ ቆሜ ቆሜ፣ ስንቴ ተመለስሁ።
ይቆየኝ ብሎኛላ።

የዘንድሮ ተማሪዎች፣ እሱ ከቀረ ወዲያ የተወለዱ፣
ሰባተኛዋ ጋ ሲደርሱ፣ ሳይቆጥሩ፣ እያወሩ፣ ዘለው ይሄዳሉ ሲወርዱ።
እንግዳ ሰው ነው የሚደናቀፍ።
ሽታሁን ማነው ብትሏቸው፣ አያውቁም፤
እግራቸው ግን፣ በዝናብም፣ በጨለማም፣
አይስትም።