ልብ ገዛሁ

አስቀሎና፣ ኩፓት ሆሊም፣ ሁለተኛው ፎቅ፤
ክንዴን ጠፍንጎ ይዞ ሲነፋ ያ ጨርቅ፣
ዶክተር ሉድሚላ አየችኝ ከመነጽሯ በላይ፤
መቶ ሰባ ስምንት ይላል መስኮቱ ላይ።
ልጄ ሲቫን ተረጎመች፦
«አባ፣ ደም በዝቶብሃል።»
ሳቄ አመለጠኝ።

ያኔ በጎልማሳነት፣ ክንዴን ዘርግቼ
የሰጠሁት ደም፣ ከረጢቱን ሞልቼ፣
ሳይነግሩኝ ወስደው ጓሮ የደፉት፣
እሱ ይሆን ዞሮ የመጣው ከቤት?
ይህን ግን ሲቫን አልተረጎመችም፤
ሉድሚላም እየጻፈች ቀና አላለችም።

«ቤታ ብሎከር» ሲሉ፣ ቤት የሚዘጋ መስሎኝ
ደንገጥ ብዬ ነበር፤ ሲቫን አብራራችልኝ፦
«በር ነው 'ሚዘጋው አባ፤ ድንጋጤ ሲመጣ
በሚያንኳኳበት በኩል፣ ልብህ እንዳይወጣ።»

ፋርማሲው ጋ ወረፋ፣ ቁጥር ይዤ ቆምኩኝ፤
አሥራ ስምንት ሼቄል ከፍዬ ተቀበልኩኝ።
ቤት ስገባ ለስንዳዩ፦
«ልብ ግዛ ስትዪኝ አርባ ዓመት ኖሬ፣
ይኸው ገዝቼ መጣሁ ከፋርማሲ ዛሬ።»
ከምስር ያነሰች ነጭ ክኒን፣ መሃሏ የተሰመረ፤
ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ።

እውነትም ልቤ ሰከነ። ጣቶቼ ግን በረዱ፤
ደረጃው ላይ ጉልበቶቼ እንደ ጆንያ ከበዱ።
የሞቱ ዘመዶቼ፣ ጥርት ባለ ቀለም፣
ስለማላውቀው ዕዳ ይሞግቱኛል በሕልም።

በአንድ ሌሊት ሳይረን ጮኸ።
ጎረቤቱ በፒጃማ፣ ልጅ ታቅፎ፣ ውሻ ጎትቶ፣
ወደ መጠለያው ወረደ፣ ጫማውን ረስቶ።
ስንዳዩ በጨለማው አንጓዬን ያዘች፤
ከንፈሯን እያነቃነቀች እንደ ነርስ ቆጠረች።
አምሳ አራት።
ደግማ ቆጠረች።
አምሳ አራት።
«ኤልያቭ ድንበር ላይ ነው፤ ስልኩም አይነሳ፤
አንተ ሰው፣ የወለድከው እንዴት ይረሳ?»

አልረሳሁም። ድንጋጤማ ደጅ ላይ ቆሞ ይደበድባል፤
እሰማዋለሁ፤ በሩን ግን ማን ከፍቶ ያስገባል?
ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት፣
አንጓዬ ላይ የተጣበቀው አውራ ጣቷ
ዘለለብኝ።
የሷ ልብ ነበር፤
ለሁለታችን ይሮጥ ነበር።

ልጁ ንጋት ላይ ደወለ፤ «ባትሪ ጨርሼ ነው» አለ።
እኔ በቢላ ጫፍ ክኒኗን ከመስመሯ ላይ ስከፍል፣
ግማሿ ተፈናጥራ ስንዳዩ እግር ሥር ወደቀች።
አነሳቻት፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች፤
«ይህችን ነው» አለችኝ፣ «ልብ ያልከኝ?»