ማርጌ ምን አለች?

የወረዳው ራዲዮ ደወለልኝ፦ «ለገና
አንድ ታሪክ ታነቢያለሽ፤ አጭር፣ ሞቅ ያለና
መጀመሪያው የሚያስቅ፣ መጨረሻው የሚያስለቅስ፤
የበዓሉ ቅዳሴ ሳይጀመር እንዲደርስ።»

እሺ አልኩ በችኮላ። ዲሴምበር ገባ፣ ጨቀየ፤
ለወግ እንኳ የሚሆን በረዶ ዘንድሮ ማን አየ?
ስለ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ጀመርኩና ሰረዝኩ፤
ስለ ጠፋች ድመት ጻፍኩ፤ እሷንም ከገጹ አባረርኩ፤
ደግ ሀብታም ፈጠርኩ፣ አራተኛው መስመር ላይ ሞተ፤
ቀባሪ አላጣም፤ የወረቀት ቅርጫቱ አፉን ከፈተ።

ዋዜማው ደረሰ።
አሥራ ሁለቱ የጾም ምግብ ተበላ፤ ሳህኑ ታጠበ፤
ከማዕዱ ጨርቅ ሥር ድርቆሹ አንድ በአንድ ተሳበ፤
ረጅሙን የሳበ ይሸመግላል፤ እኔ ግማሽ ጣት ደረሰኝ፤
«ለአጭር ታሪክ ይበቃል» ብላ እህቴ አሾፈችብኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይሄ ነው ስል፣
ከመንገዱ ማዶ፣ ከጁልዮናስ በረት፣
አንዲት ፋኖስ አየሁ ብልጭ ድርግም ስትል።

በእኛ በዠማይቲያ፣ በዋዜማው እኩለ ሌሊት፣
ከብት በሰው አንደበት ያወራል ይባላል በየቤት፤
የሰማ ግን ወዮለት፤ ዓመቱን አይዘልቅም፤
ሁሉም ሰው ያምንበታል፤ ማንም ሄዶ አይጠይቅም።
እኔ ግን ታሪክ የራበኝ ነኝ፤ ሞት ምን ያደርገኛል?
ከማርጌ፣ ከቡራዋ ላም፣ አንድ ሁለት ቃል ማን ይነፍገኛል?
ቦቲዬን አጥልቄ፣ ካፊያውን ችዬ ወጣሁ፤
ከበረቱ ሳንቃ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ማርጌ ታመሰኳለች።
ደግሞ ታመሰኳለች።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረጅም፣ ተነፈሰች።

ከዚያ ጁልዮናስ፣ ባርቦራን ከቀበረ ከሐምሌ ወዲህ
ሰላምታ በቆቡ ብቻ የሚመልስ፣ ድምፁን የረሳነው፣ እንዲህ
አላት፦ «ድርቆሹ ዘንድሮ እርጥብ ነው፤ ማጨጃው ጊዜ አለፈኝ።
ለእሷም ሳህን አኖርኩላት፣ እንደ ወጉ፤ ግን ጨነቀኝ።
ትስቅ ነበር ብትቀምሰው፤ ዓሣው ጨው በዝቶበታል።
አንቺ ደግሞ ዝም አልሽኝ፤ ዛሬ ለከብት እንኳ ተፈቅዶለታል።»

እጄ ኪሴ ገብታ እስክሪብቶ ፈለገች፤ የሌባ እጅ፤
አፈርኩባት፤ ሳንቃውን አንኳኳሁ፣ እንደ እንግዳ ቆሜ ከደጅ።
«ማነው?»
«ስካይስቴ ነኝ። ጨው የበዛበት ዓሣ ከተረፈ እወዳለሁ።»
ዝም አለ ጥቂት። ማርጌም ዝም።
«ግቢ» አለኝ። ገባሁ።

በማለዳ አነበብኩ፦ ስለ አንዲት ላም፣ ስለ ንግግሯ፣
ድርቆሹ ሻግቷል ብላ ስለ ማማረሯ።
አዘጋጁ ከመስተዋቱ ጀርባ መጀመሪያ ሳቀ፤
ኋላ መነጽሩን፣ ምክንያቱን አልጠየቅኩም፣ አወለቀ።

ከቅዳሴ ስንወጣ ጁልዮናስ ቆቡን አላነሣም፤
ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ ለካ ቃል መናገር አልረሳም።
«ሰማሁሽ» አለ። «ደህና ነው፤ ግን ተሳስተሻል፣ የኔ ልጅ፤
ማርጌ ‹ሻግቷል› አላለችም፤ ‹እርጥብ ነው› አለች እንጅ።»