ክፈፏ የተሸጠ ሴት

ከሐራጅ ነው ያመጣኋት፣ እግር ከሌለው አልጋ ጋራ፤
በአይሱዙ ጀርባ ተጭና፣ የገላንን መንገድ አቧራ
ስትጠጣ ነው የደረሰች።

የፈለግሁት ክፈፏን ነው፤ ዋንዛ ያልሆነ፣ ጽድ ያልሆነ፣
የማላውቀው የባሕር ማዶ እንጨት፣ ወርቅ ቅቡ የመነመነ።
ከሸራዋ ጀርባ ያለውን፣ ቱፋ ፊደል ቆጥሮ አነበበው፤
«ብራስልስ» ይላል፤ «ዐሥራ ዘጠኝ መቶ…»፣ የቀረውን ብል ሰለበው።

ፒያኖ ፊት ተቀምጣለች፣ ቀሚሷ የረጋ ወይን ጠጅ፣
ፊቷ ወደ እኛ አይዞርም፤ ጆሮዋና አንገቷ ብቻ ናቸው ደጅ።
ከፒያኖው ላይ አንድ ሻማ፣ የተገለጠ የዜማ ወረቀት፣
መስመሩ ብቻ የተሰመረ፣ ኖታው ያልተጻፈበት።
ግራ እጇ ቁልፉ ላይ አርፏል፤ ቀኟ አየር ላይ ቀርቷል፤
ሠዓሊው «ቆይ» ብሏት ይሆን? ወይስ በሩ ተንኳክቷል?

ክፈፉን ለሙሽሮች ሸጥኩት፣ ለነዓለምሸት የሰርግ ፎቶ፤
ቱሉ ዲምቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ዋጋው በመሐላ ተጎትቶ።
እሷን ግን ማን ይወስዳታል? ዘመድ የላት፣ ጠሪ የላት፤
ነፋስ በሚገባበት ስንጥቅ፣ በአራት ሚስማር መታኋት።

ክረምቱን እዚያ ከረመች፤ ከኋላዋ ዶፍ፣ ከፊቷ ሰጋቱራ፤
መሸት ሲል እጠርጋለሁ፣ ዕቃዬን ሁሉ በተራ፦
መጋዙን፣ መላጊያውን፣
ከዚያ የእሷን አንገት።

አንድ ቅዳሜ ሃምሳ አለቃ ገዝሙ፣ ወንበር ሊያስጠግን መጣ፤
በጦሩ ባንድ ፒያኖ መቺ ነበር፣ አሁን ጥርሱ ጭምር ጡረታ የወጣ።
መነጽሩን ገፋ አርጎ ቆጠረ፣ በጣቱ ሸራውን ሳይነካ፤
«ሁለት ጥቁር፣ ከዚያ ሦስት ነው፤ ይኸ ሰውዬ ግን ለካ
ሁለት ሁለት እያረገ፣ እስከ ጫፍ ሄዷል እንደ አጥር!
በዚህ የሚመታ ዜማ የለም፣ ምድርን ብትቆፍር።»

ሳቅን። ወንበሩን ሰጠሁት። የሙጫውን ሒሳብ ከፈለ።
ግን በሩ ላይ ዞር አለና፣ ቀኝ እጁን በአየር ሰቀለ፣
እንደ እሷ። ትንሽ ቆየ።
የሲሚንቶ መኪና አለፈ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ፣ መጋዙን አቁሜ ስሰማ፣
ቱፋ ምሳ ወጥቶ፣ ጠብታው ቆርቆሮ ጫፍ ላይ ሲያቅማማ፣
እጇን አያለሁ።

ክፈፍ ልሥራላት ብዬ፣ ከትርፍ ባሕር ዛፍ ጀመርኩ፤
አንደኛው ጎን በሁለት ጣት አጠረኝ፣
ሌላ ሳልቆርጥ ከረምኩ።