ዝም ሲል ምን ይላል?

ደሞዝ የወጣ 'ለት፣ ፍኖተ ሰላም ላይ፣
ቆጣሪ ሳነብ ውዬ በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣
ጊታሬን በጀርባ፣ መዝገቤን በብብት፣
ከመናኸሪያው ማዶ ገባሁ ይበልጣል ቤት።

ይበልጣል ስሙ ነው። የሱቁም ወግ ይኸው፦
ከሁለት ዕቃ አንዱን ምረጥልኝ ስትለው
"ይኼ ይበልጣል" ይላል፤ ዋጋውን ይሁን ድምፁን፣
ወይ የራሱን ስም ይሁን፣ አትለይም ቁርጡን።

"ማጉያ ነው" አልሁት፣ "የጊታር፣ ትንሽዬ፣
በባትሪ የሚሠራ፣ የምዞረው አዝዬ።
መብራታችን እንግዳ፣ ያውም አመለኛ፣
ገና ደህና ዋልህ ሳልለው ጥሎኝ እሚተኛ።"
"ኪስህስ?" አለኝ፣ "ስንት ብር ይላል?"
ነገርሁት።
ይበልጣል አለኝ፦ "ይጎድላል።"

ቢሆንም ደረደረ ሦስቱን ባንኮኒው ላይ።

አንደኛዋ የሲጋራ ፓኮ የምታህል፣
ቀበቶ ላይ ተሰክታ ሰው የምትከተል፤
ዘጠኝ ቮልት ባትሪ እየቆረጠመች፣
ወፍራሙን ክር ስነካው፣ ጣሳ ውስጥ እንዳለች ጥንዚዛ ጮኸች።

ሁለተኛው ቀይ ነው፣ መብራቱ ብልጭልጭ፣
ብሉቱዝ፣ ከበሮ፣ ማሚቶ የሚረጭ።
ይበልጣል ጆሮውን እስከ ጥጉ አዞረው፤
"ቡሬ! ቡሬ!" የሚል ረዳት ዞሮ አየው።
"ሰማህ?" አለኝ ኮርቶ።
እንዴት አልሰማው?

ሦስተኛው አመድማ፣ ጥጉን ዝገት የላጠው፣
አንድ የደምበጫ ሰው በስልክ የለወጠው፤
ሁለት ጆሮ ብቻ፦ አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለቃና፤
"አራት ሰዓት ይዘልቃል፣ ባትሪው ከሆነ ደህና።"

እኔ ግን ጠየቅሁት፦ "ሳይጫወት ምን ይላል?"
"ምን?"
"ገመዱን ሰክተን፣ እጃችንን አንሥተን፣ ዝም ሲል ምን ይላል?"
ይበልጣል አየኝ። እብድ ሰው ሲያይ እንዲህ ያያል።

ሥራዬ ነው፣ ወንድሜ። በሰው ግቢ ሳጎነብስ
ስምንት ዓመት ሙሉ፣
ካተረፍሁት አንዱ ይኼ ነው፣ ሌላው የውሻ ጥርስ፦
ቧንቧውን ሁሉ ዝጋ። ዝጋና ቆጣሪውን እይ፤
ማንም ውሃ ሳይቀዳ ቀይዋ ኮከብ ትዞራለች ወይ?
ከዞረች፣ ከመሬት ሥር አንድ ነገር ያፈሳል፤
ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ከባለቤቱ ይደርሳል።

ከፈትን።
"ሽሽሽ" አለ ቀዩ፣ ዘይት እንደ ተጣደ፤
ሳይጠይቁት የሚያወራ፣ ጠላ ቤት የለመደ።
ትንሿም ከጓዳዋ የሆነ ጣቢያ ያዘች፦
"...ወደ ቀጣዩ ዜና..." አለች፤ እዚያው ላይ ተቋረጠች።

አመድማው ዝም አለ።
ዝም።
ይበልጣል በመዳፉ መታ አረገው ተጠግቶ፣
የጠፋ መስሎት እኮ ነው፣ መብራቱ እያለ በርቶ።
አንዲት ክር ነካሁኝ፣ ቀጭኗን፣ በጥፍሬ፤
ወጣች ልክ እንዳለች፣ ሳትቀላቅል ወሬ።

ዋጋ ተከራከርን። "ይኼ ይበልጣል" አለኝ፣
ስለ ደምበጫው ሰው ረጅም ታሪክ ነገረኝ፣
ካለው ላይ መቶ ሃምሳ እያለቀሰ ጣለልኝ፣
ገመዱን ግን "በነፃ ነው" ብሎ አስከፈለኝ።

ማታ መብራት ሄደ። አልተሰናበተኝም።

ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ አትጠገብ፣ የሆስፒታሉ ነርስ፣
ለሌሊት ተራዋ ትተኛለች፣ እኔ ከሥራ ስደርስ።
ጆሮውን ሩብ ያህል ከፈትሁ፣ ያውም ሩቡ ሳይሞላ፤
አንዲት ዜማ ጀመርሁ፤ መሃሏ ጠፋኝና ዘለልሁ ወደ ሌላ፤
ጣቴ ገና መንገዱን አያውቀውም፣ ሲወድቅ ሲነሣ ነው፣
ግን ሲሳሳትም እንኳ፣ ስሕተቱ ጥርት ያለ ነው።

ይበልጣል ያለኝ አራት ሰዓት፣ ሁለት ሆኖ ጎደለ።
መቼ እንዳለቀ አልሰማሁም፤ ድሮም ዝም ነበር ያለ።
ያቺን ቀጭን ክር ብነካ የደረቀ እንጨት ሰማሁ፤
ከግድግዳው ማዶ አልጋ ተንቋቋ፦
"አለቀ እንዴ?"
ባትሪውን ይሁን ዜማውን፣ እኔም አላጣራሁ፤
"ለዛሬ" አልሁና በጨለማ ገመዱን ጠቀለልሁ።